በቀጭን አምባ ስለ ወረደው ጥላና ከነጠላው ሥር ስለ ነበረው ሳጥን

የምስክር ቃል

ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ሙጃ
ቀን፦ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረፋድ
የምስክሩ ስም፦ ደባሱ አራጋው
ዕድሜ፦ 20
አድራሻ፦ ላሊበላ ከተማ
ሥራ፦ የልብሰ ተክህኖና የቤተ ክርስቲያን ጥላ ሰፊ ረዳት
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል ጀምሮ ያቋረጠ
ጉዳዩ፦ ከቀጭን አምባ ቅድስት አርሴማ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ተሰርቋል ስለተባለው ሳጥን
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን አመተ ሥላሴ

ከላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው። ላሊበላ ውስጥ ግን ደባሱ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙው ሰው «ቀላጁ» ይለኛል። ይህን የማስመዘግበው የቀጭን አምባ ሰዎች «ይህ ልጅ አፉን በከፈተ ቁጥር ይዋሻል» ብለው ቃል መስጠታቸውን ስለሰማሁ ነው። መዋሸትና መቀለድ አንድ አይደለም። ለገና የመጡ መንገደኞችን የሆቴል ዘበኛ አሳይቼ፣ ከገዳም የወጡ አባት ናቸው ብዬ ጉልበቱን አስሜአቸዋለሁ። ዘበኛውም ባርኳቸዋል። የተጎዳ ሰው የለም። ሳጅኗ ወደ ጉዳዩ እንድገባ ስላዘዙኝ ገብቻለሁ።

በዚህ ጉዳይ የተያዙትን ወይዘሮ ባንችይርጋን በሚገባ አውቃቸዋለሁ። የሟች ጓደኛዬ የሰውአገኝ እናት ናቸው። የእነሱንና የእኛን ቤት የሚለየው አንድ አጥር ነው። እትዬ ባንችይርጋ ጧፍ እየሠሩ በአብያተ ክርስቲያናቱ መንገድ ዳር ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ከሰውአገኝ ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ስወጣ እሱ ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛ ደርሶ ነበር። ማታ ማታ የተማረውን ሊያስረዳኝ ይሞክራል፤ እኔ ደግሞ እንዳይገባኝ የተቻለኝን አደርጋለሁ። እንዲህ ሆነን ነው ያደግነው።

ነገሩ የጀመረው በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ነው። የፊዚክስ መምህሩ ጋሽ ሙጂብ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጻጽፈው ትልቅ ፊኛና የጋዝ ሲሊንደር አስመጡ። ፊኛው ሳጥን አንጠልጥሎ አውሮፕላን ከሚሄድበት በላይ ይወጣል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት መለኪያዎች በየከፍታው የአየሩን ሙቀት፣ ግፊትና እርጥበት ይመዘግባሉ። ወደ ላይ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ፊኛው እያበጠ ይሄድና ይፈነዳል፤ ሳጥኑም በጃንጥላ ተይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ይህን ያስረዳኝ ሰውአገኝ ነው። እኔ ፊኛ ሲባል በሬ ሲታረድ ልጆች የሚነፉት መስሎኝ፣ «የማን በሬ ነው ይህን የሚያህል ፊኛ ያለው» ብዬ ክበቡን በሙሉ አሳቅሁት። ሰውአገኝ አልሳቀም። እሱ ሰማዩን የሚጠይቀው ጉዳይ ነበረው። የአባቱ ዘመዶች ደጋ ላይ በበልግ ነው የሚያርሱት፤ በልጉ ደግሞ ዓመት በዓመት እየቀረባቸው ተቸግረዋል። ደመናው እየመጣ ዝናቡ ለምን እንደማይወርድ፣ እርጥበቱ የት ከፍታ ላይ እንደሚቀር ለክቼ አውቃለሁ ይል ነበር። ሌላ የሚያወራው ነገር አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ጃንጥላውን እንድሰፋ የተጠራሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ሙጂብ አንድ ስጋት ነበራቸው። በአሁኑ ጊዜ በእኛ አገር ከሰማይ ድምፅ ሲሰማ ሰው ልጁን ጎትቶ ቤት ይገባል። ነጭ ሳጥን ከላይ ሲወርድ ያየ ገበሬ ድሮን መጣ ብሎ ሲሮጥ ገደል እንዳይገባ፣ ወይም ሳጥኑን በድንጋይ እንዳይፈረካክሰው ፈሩ። ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አሳውቀው ፈቃድ ወስደዋል፤ ግን ገበሬው ፈቃዱን አላየውም። እኔም ለቤተ ክርስቲያን ጥላ ከምንቆርጠው ቀይና ቢጫ ሐር ትራፊ እንዳለን ነገርኋቸው። ዳር ዳሩን ወርቃማ ዘርፍ ብናንጠለጥልበት ማንም አይፈራውም፣ ድሮን ዘርፍ የለውም አልሁ። ጋሽ ሙጂብ ስቀው ዘርፉን በሱቃችን ሚዛን መዝነው ፈቀዱ። ለክብደቱ የተጨነቀ ሰውአገኝ ብቻ ነበር። ስለዚህ ጥላውን በእጄ ሰፋሁት፤ ዘርፉንም በእጄ አንድ በአንድ ቋጠርሁ። ማንም አልፈራውም። በዚህ ጉዳይ ጥፋት ከተባለ ይኸው ነው፦ እንዳይፈራ አድርጌ አበዛሁት።

ቅዳሜ የካቲት 8 ቀን ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተሰበሰብን። ሳጥኑ ክትባት የሚመጣበት ነጭ የፎም ሳጥን ነው። ክዳኑ ላይ «የተማሪዎች የአየር መለኪያ ነው፤ ጉዳት የለውም፤ ያገኘ ሰው እባክዎ ይደውሉ» የሚል ጽሑፍ ከእነ ሰውአገኝ ስልክ ቁጥር ተለጥፏል። በአንድ ጎኑ የካሜራ ቀዳዳ አለው። ሰውአገኝ ካሜራውን ካበራ በኋላ ፊቱን ወደ ቀዳዳው አስጠግቶ መናገር ጀመረ። እኔ ከኋላው ሆኜ እያጨበጨብሁ፣

«ሰውአገኝ ሰው አጣ፣ ለሳጥን አወራ»

እያልሁ ዘፈንሁበት። ተማሪውም እየተቀበለኝ ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ። ሰውአገኝ ፊቱን ከካሜራው ሳያነሳ አንድ ነገር ተናገረ። ምን እንዳለ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ፊኛው ተለቀቀ። ሽንኩርት አክሎ፣ የሰናፍጭ ፍሬ አክሎ ጠፋን። ሰውአገኝ ሁላችንም ከሄድን በኋላ ሜዳው ላይ አንጋጦ ቀርቷል።

ሳጥኑ የደረሰበትን ቦታ በስልክ መልእክት እንዲልክ ተደርጎ ነበር። የመጨረሻው መልእክት ከሙጃ በስተምሥራቅ ካለው ገደላማ አገር መጣ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ጋሽ ሙጂብ መኪና እስኪገኝ እንድንጠብቅ ተናገሩ። ሰውአገኝ መጠበቅ አልቻለም። ሰኞ የካቲት 10 ቀን እሱና እኔ ወደ ሙጃ የሚሄድ የጭነት አይሱዙ ለመንን። ማዶውን እያየ ለመሄድ ጭነቱ ላይ እንውጣ ያለው እሱ ነው፤ እኔም ወጣሁ። የመኪናው መገልበጥ በሌላ መዝገብ ስለተያዘ እዚህ አልደግመውም። እኔ የታረሰ መሬት ላይ ወድቄ ቀኝ እጄ ተሰበረ። እሱ መንገዱ ላይ ነው የወደቀው። ዓይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል፣ ለአንድ ቀን እንኳ በተራው የቀለደብኝ መስሎኝ «ተነሳ፣ አሳቅኸኝ» እያልሁት ቆየሁ። ሰዎች መጥተው በነጠላ ሲሸፍኑት ነው የተረዳሁት።

እዚህ ላይ ውሃ እንዲሰጠኝ ጠይቄ ተሰጥቶኛል።

ከቀብሩ በኋላ የሆነው የሚከተለው ነው። በሰውአገኝ ኪስ የነበረው ስልክ መስታወቱ ደቅቆ ጨልሟል፤ ነገር ግን ሲደወል ይጮሃል፤ የማንሻው ቦታም በዳሰሳ ይሠራል። የመክፈቻ ቁጥሩን የሚያውቅ እሱ ብቻ ስለነበር ውስጡ ያለውን ፎቶ ማውጣት የቻለ ስልክ ሠሪ አልተገኘም። ፎቶ አንሺው ሁልጊዜ እሱ ስለሆነ በሌሎቻችን ስልክ እሱ የለም፤ ቢኖርም ጀርባው ነው። ለእናቱ የቀረላቸው በትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ ያለው ዓይኑ የተከደነበት ፎቶ ነው። የክበቡ አባል የሆነችው ማኅሌት ልቅሶ ልትደርስ መጥታ፣ ሳጥኑ ቢገኝ ውስጡ ያለው ካሜራ የሰውአገኝን ፊትና ድምፅ እንደያዘ ነገረቻቸው። እትዬ ባንችይርጋ ከዚያ ወዲህ ያንን የጨለመ ስልክ ማታ ማታ እየሞሉ፣ ቀን ቀን በቀሚሳቸው ደረት ሸጉጠው መዞር ጀመሩ። ልጃቸው በሕይወት ሳለ፣ ሳጥኑን ያገኘ ሰው በዚህ ቁጥር ይደውላል ብሏቸው ነበር። በስህተት የደወለውን ሁሉ ሰላም ሳይሉ «ሳጥኑን አገኛችሁት?» ይሉታል። ይህን ጆሮዬ ሰምቷል። ቀልድ የጠፋኝ ያን ጊዜ ነው።

መጋቢት 15 ቀን ከሰዓት በፊት በአሠሪዬ በመሪጌታ እንዳለው የልብስ ስፌት ሱቅ ተቀምጬ በግራ እጄ ክር እፈታ ነበር። ከዚህ በፊት የማላውቃቸው ቄስ ገቡ። የቀጭን አምባ አርሴማ አገልጋይ ቄስ ደግሰው መሆናቸውን ኋላ አወቅሁ። ለአንድ ክቡር ነገር መጎናጸፊያ ማሰፋት እንደሚፈልጉ ተናገሩ፤ ቀለሙ እንዲመሳሰልም ከመሐረብ ውስጥ አንድ ቁራጭ ዘርፍ አውጥተው ለመሪጌታ ሰጡ። ዘርፉን አየሁት። ቋጠሮው የእኔ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ጠምዝዤ ወደ ግራ ነው የማስረው፤ መሪጌታ ስለዚህ ነገር ስንት ጊዜ ተቆጥተውኛል። ተነሥቼ፣

«አባ፣ ይህን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኋቸው።

መሪጌታ መቀሱን አስቀምጠው «ደግሞ ዛሬ በቄስ ጀመርህ?» አሉኝ። ቄሱ አልተቆጡም። ዘርፉ ከሰማይ ከወረደ ጥላ ላይ ወድቆ የተገኘ መሆኑን በርጋታ አስረዱኝ። እኔም «አዎ አባ፣ የወረደው ከሰማይ ነው፤ ወደ ሰማይ ያወጣነው ግን እኛ ነን» አልሁ። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ ሳቀ። እውነት ተናግሬ ሰው ሲስቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አይልም።

ቄስ ደግሰው ለመሪጌታ የነገሯቸው እንደሚከተለው ነው። በዚያ ቅዳሜ ረፋድ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሳለ ዘርፍ ያለው ጥላ ማንም ሳይዘው ከሰማይ እየተንሳፈፈ ወረደ፤ ከሥሩም ነጭ ሳጥን ተንጠልጥሏል። ከግቢው ወይራ ላይ ዐረፈ። ሴቶች እልል አሉ፤ ወንዶች ተደፉ። የተቀደሰ ነገር ተገልጦ በዓይን አይታይምና ወዲያው ነጠላ አልብሰውት ዕቃ ቤት አስገቡት። ከዚያ ወዲህ ነጠላውን የገለጠ የለም። በሳምንቱም የበልግ ዝናብ ጣለ። ይኸው እስከ ዛሬ አላቋረጠም። እኔ ይህን ስሰማ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ስልክ ቁጥሩ ከነጠላው ሥር ነው። እትዬ ባንችይርጋ የሚጠብቁት ጥሪ ያልመጣው ሰው ስላከበረው ነው።

ማታውን ሄጄ ነገርኋቸው። እንደምዋሽ ይጠረጥራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ለመንገዱ ጧፉን በቅርጫት መደርደር ጀመሩ።

ረቡዕ መጋቢት 17 ቀን በማለዳ ተሳፍረን መጣን። ልጃቸው የሞተበትን መንገድ አያውቁትም ነበር። መኪናው በተጠመዘዘ ቁጥር «እዚህ ነው?» ይሉኛል። እኔም «ገና ነው» እላቸዋለሁ። ቦታውን ስናልፍም ገና ነው አልሁ። ሙጃ ስንደርስ «አሁንስ?» አሉኝ፤ አሁንማ አልፈነዋል አልሁ።

ከሙጃ በእግር ሄደን ቀጭን አምባ ስንደርስ ገና ረፋድ ነበር። በጾሙ ምክንያት ቅዳሴው ከሰዓት ስለሆነ ግቢው ውስጥ ሰው አልነበረም። በመንገዳችን ያየነው ማሳ በሙሉ ለምልሟል። ገብሱ ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ ሰዎቹም ሲያርሙ ይዘፍናሉ። እትዬ ባንችይርጋ ይህን እያዩ መጡ። ግቢው ውስጥ ከወይራው ሥር ተቀምጠው፣ አንተ ግባና አነጋግር፣ እኔ ምን ብዬ እነግራቸዋለሁ አሉኝ።

ቄስ ደግሰው የመጎናጸፊያውን ልክ ልወስድ የመጣሁ መስሏቸው ወደ ዕቃ ቤቱ አስገቡኝ። ሳጥኑ በጠረጴዛ ላይ ነው፤ ጥላው በላዩ ተዘርግቷል፤ በዙሪያው ጧፍ ተደርድሯል። ተንበርክኬ ለመንኋቸው። አባ፣ ላሊበላ ውስጥ ስለ እኔ የሚወራው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን የነጠላውን አንድ ጫፍ ብቻ ያንሡ፣ ክዳኑ ላይ ስልክ ቁጥር ከሌለ ምላሴን ይቁረጡ አልሁ። እሳቸውም አማትበው፣ ፊታቸውን ትንሽ ዞር አድርገው ጫፉን አነሡ። ጽሑፉን ሲያነቡ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ደግመው አነበቡት። ስልካቸውን ከካባቸው አውጥተው፣ ኔትወርክ የሚገኘው ደጃፉ ላይ ስለሆነ ወደ ደጃፉ ወጥተው ቁጥሩን ነኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስመዝገብ አለብኝ። የሰውአገኝ ስልክ ጥሪ የአህያ ጩኸት ነው። አህያው እኔ ነኝ፤ በድምፄ ቀድቼ የጫንሁበት፣ ክፍል ውስጥ እንዲያዋርደው ነበር። ስልኩ ስለማይከፈት የቀየረው ሰው የለም። ስለዚህ ቄሱ ሲደውሉ በቅድስት አርሴማ ግቢ ከወይራው ሥር፣ ጥቁር ከለበሱት እናት ደረት አህያ ጮኸ። ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

እትዬ ባንችይርጋ ስልኩን አውጥተው በዳሰሳ አነሡት። እንደ ልማዳቸው ሰላም ሳይሉ «ሳጥኑን አገኛችሁት?» አሉ። ቄስ ደግሰው ድምፃቸውን በስልክም በቀጥታም ይሰሙታል፤ በመካከላቸው ያለው ግቢው ብቻ ነው።

«አግኝተነዋል» አሉ ቄሱ፤ «እርስዎ ማን ነዎት?»

«እናቱ ነኝ።»

ቄሱ ስልኩን ሳይዘጉ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። የተነጋገሩት ረጅም ነው፤ ሁሉንም አልሰማሁም። የሰማሁት ይህ ነው። እትዬ ባንችይርጋ፣ ልጄ ይህን ሳጥን የላከው በልግ ለምን እንደቀረ ሊጠይቅ ነው፤ ዝናቡ ከመጣ እኔ ሰው አላስቀይምም፤ ጥላው ይቅርላችሁ፣ ሳጥኑን ግን ስጡኝ፣ የልጄ ድምፅ ውስጡ ነው አሉ። ቄሱም ገብተው ሳጥኑን ከጥላው ለይተው፣ በዚያው ነጠላ እንደተጠቀለለ አምጥተው በገዛ እጃቸው የእትዬ ባንችይርጋ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጡ። ለሕዝቡ በጊዜው እኔ እነግራለሁ፣ እናንተ በታችኛው መንገድ ሂዱ አሉን። እሳቸው ወደ ማዶ መንደር ለፍትሐት ተጠርተው ስለነበር ወዲያው ሄዱ። እንግዲህ ሳጥኑ የተሰጠ እንጂ የተሰረቀ አይደለም። ቄሱ ትናንት ማታ ወደዚህ መጥተው ቃላቸውን እንደሰጡ ሰምቻለሁ፤ ምን እንዳሉ አልተነገረኝም። የተለየ ነገር ብለው ከሆነም የእኔ ቃል ይኸው ነው።

ገና ቁልቁለቱን ሳንጨርስ የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ምስጋኑ ከጎረምሶች ጋር ደረሰብን። ዕቃ ቤቱ ገብቶ ጥላው ብቻ መቅረቱን አይቷል። ቅርጫቱ ውስጥ ነጠላውን ሲያይ መጀመሪያ ሰገደ፤ ከዚያ ሌባ አለን። አልመቱንም። ችግሩ ሳጥኑን ማን ይያዝ የሚለው ላይ መጣ። ምእመን አይነካውም፤ ካህን የለም። ተማክረው፣ አንዴ ነክታዋለችና እሷው ትሸከመው ብለው ወሰኑ። እኔ ልሸከምላቸው ስል ምስጋኑ «አንተ እንኳን ሳጥኑን ጥላውንም አትነካም» አለኝ። ጥላውን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

በዚህ ሁኔታ ወደ ሙጃ ተጓዝን። እትዬ ባንችይርጋ ቅርጫቱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከፊት ይሄዳሉ። ከኋላ ሕዝቡ እየበዛ ይከተላል። ዐረፍ ሲሉ ሁሉም ይቆማል፤ ወንዶች ቆባቸውን ያወልቃሉ፤ ሴቶች እልል ይላሉ። ከመንገዱ ዳር ያሉ አራሚዎች ነገሩን ሳያውቁ እየመጡ ተሳለሙ። በሌብነት የተያዘች ሴት ሰው እየሰገደላት ወደ ፖሊስ ስትሄድ ያየሁት ያን ቀን ነው። እሳቸው ግን ይህን ሁሉ ያዩ አይመስለኝም። አንገታቸውን ደፍተው ከቅርጫቱ ጋር ያወሩ ነበር። «ሰው አጣ፣ ለሳጥን አወራ» ያልሁት ትዝ ሲለኝ ጆሮዬን ያዝሁ።

ሐሙስ መጋቢት 18 ቀን ጠዋት ሳጥኑ በዚህ ጽሕፈት ቤት፣ እኔ፣ እትዬ ባንችይርጋና ምስጋኑ ባለንበት ተከፈተ። የከፈቱት ዋና ሳጅን አመተ ሥላሴ ናቸው። ምስጋኑ እንዳያይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። መለኪያዎቹ፣ ባትሪውና ካሜራው እንዳሉ ነበሩ። የካሜራው ካርድ በኮምፒውተር ተከፈተ። ረጅም ስለሆነ ሳጅኗ እየዘለሉ አሳዩን። የትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ ከተማው፣ ተራራው፣ ከዚያ ደመናው ከሥር፤ ሰማዩም ቀን ሳለ ጠቁሮ ታየ። ከዚያ መውደቅ፤ የእኔ ዘርፍ በነፋስ ሲርገበገብ። ከዚያ ወይራው። ከዚያ እልልታ፤ በእልልታው መሐል አንድ ወንድ «አትዩት፣ ሸፍኑት» ሲል ተሰማ፤ ጨለመም። ምስጋኑ የገዛ ድምፁን ሲሰማ ከግድግዳው ዞረ። ቁጭ አለና ቆቡን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አደረገ። ከዚያ በኋላ ሌባ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ለእትዬ ባንችይርጋም ወንበሩን የለቀቀላቸው እሱ ነው።

እትዬ ባንችይርጋ ግን ሲያልቅ መጀመሪያውን መልሱልኝ አሉ። ሳጅኗ መለሱላቸው። ሰውአገኝ ነው። ፊቱ ስክሪኑን ሞልቶታል። ዓይኑ ተከፍቷል። ግንባሩ ላይ ጥቁር ቀለም ነክቶታል። ከንፈሩ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን የእኔ ዘፈንና ጭብጨባ ነው። እትዬ ባንችይርጋ ድምፁ እንዲጨመር ጠየቁ። ሳጅኗ ጨመሩት። የጨመረው የእኔ ድምፅ ነው። እንደገና አሉ፤ እንደገና ታየ። የልጃቸው ድምፅ የለም። እኔ አለሁበት፤ ከዳር እስከ ዳር እኔ ነኝ ያለሁበት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። አላለቀሱም።

«ደባሱ፣ ዛሬ አትቀልድብኝ። አጠገቡ ነበርህ። ምን አለ?»

እኔም፣ «‹እማ፣ እቆያለሁ፣ ምሳዬን ለማንም እንዳትሰጪብኝ› ነው ያለው» አልኋቸው።

እትዬ ባንችይርጋ ራሳቸውን ነቀነቁና «የሱ ነገር» አሉ። «አስቀምጬለት ነበር እኮ። ሲመሽ ነው መጥቶ የበላው።» ከዚያ ሳቅ አሉ። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ አላየሁም ነበር። እየሳቁም ያስለቀሰኝ ሰው እሳቸው ናቸው።

ሰውአገኝ በእውነት ያለውን ኋላ እመለስበታለሁ ብዬ ነበር፤ ሳጅኗም ሳይዘለል እንድናገር ስላሳሰቡኝ እናገራለሁ። ስለ ምሳ አላነሣም። እናቱንም አልጠራም፤ ሊጠራ ይሆናል፣ አላስጨረስሁትም። ፊቱን ከካሜራው ሳያነሳ ያለው፣ «ደባሱ ዝም በል፤ ድምፄ አይሰማም» ነው። እኔም ዝም አላልሁም።

ወይዘሮ ባንችይርጋ ምንም ስላላጠፉ ከእነ ሳጥኑ ወደ ቤታቸው እንዲሄዱ እጠይቃለሁ። የሚጠየቅ ካለ ጥላውን ሰፍቻለሁ፣ ዘርፉን ቋጥሬአለሁ፣ ወደ ቀጭን አምባም መርቻቸዋለሁ፤ እኔ ልጠየቅ። መለኪያዎቹ የመዘገቡት ለጋሽ ሙጂብ ይሰጥልኝ፤ እርጥበቱ የት እንደሚቀር የሚያነብ ሰው ይኑር። ጥላውን ግን ማንም እንዳይፈታው።

የምለው ይህን ያህል ነው። ከላይ ያስመዘገብሁት ሁሉ፣ እኔን የሚያውቁ ባያምኑም፣ ያየሁትና የሰማሁት እውነት ነው። እውነት ያልሆኑት ለእትዬ ባንችይርጋ የነገርኋቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በመንገድ ላይ «ገና ነው» ያልኋቸውና የምሳው ነገር። እሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ ይህ ወረቀት በሰው ካልተነበበላቸው አያውቁትም። እንዳይነበብላቸው እለምናለሁ። ይህን ስለምን ቀልድ አይደለም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ደባሱ አራጋው
(ቀኝ እጁ ስለተሰበረ በግራ እጁ ፈርሟል።)

ቃሉን የተቀበልሁት፦ ዋና ሳጅን አመተ ሥላሴ
ቃሉ ለምስክሩ ተነብቦለት፣ የእሱ መሆኑን አረጋግጦ ፈርሟል። ወይዘሮ ባንችይርጋ በዚሁ ቀን ከእነ ሳጥኑ ተሰናብተዋል። ለእሳቸው አልተነበበም።